የኮምፕሬሰሬን ሆድ የበላው ውሃ

ይህን የምጽፈው ቤቱ ኮምፕሬሰር (አየር ጨምቆ ታንክ ውስጥ የሚይዝ ማሽን) አስቀምጦ በዓመት ሁለት ሦስቴ ለሚያስነሳ ሰው ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ደህና ማሽን ባልጣልኩ፣ ልጄንም ለአደጋ ባላጋለጥኩ ነበር።

ባለ 50 ሊትሩን የገዛሁት የግቢዬን በርና መስኮቶቹን ራሴ ቀለም ልረጭ ብዬ ነው። ረጨሁ፣ አማረልኝ። የመኪናዬንም ጎማ ጎሚስታ ጋ መሄድ ትቼ ቤቴ እነፋ ጀመር። ሻጩ ሲያስረክበኝ «ምንም አይፈልግም፣ ዘይቱን ብቻ እያየህ» ብሎኝ ነበር። አመንኩት። ሥራው ሲያልቅ አየሩን እንደያዘ ጓሮ ካለው ቆርቆሮ ጥላ ስር አስቀመጥኩት። አቧራ እንዳይነካው ብዬም ላስቲክ አለበስኩት። ሁለት የአዲስ አበባ ክረምት እዚያው አለፈበት።

በሦስተኛው ዓመት ለእንቁጣጣሽ በሩን ላድስ ብዬ አስነሳሁት። የአየሩን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ 4 ባር ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል። የሳሙና አረፋ በስፖንጅ ሆዱን፣ ማለትም የአየር ታንኩን፣ ስቀባው፣ ከጎኑ ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ አረፋው እየተነፋ ይፈነዳል። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ናት።

አጥፍቼ አየሩን አስወጣሁና ከሆዱ ስር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ብሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ነካኋት። ዝጋለች። በፒንሳ ፈታኋት፤ ምንም አልወጣም። በሽቦ ስጎረጉራት ጠላ የመሰለ ውሃ ተንዠቀዠቀ። አንድ ባለ ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ ሁለተኛውን አጋመሰ። ይህ ሁሉ ከአየር የመጣ ነው። አየር ሲጨመቅ ይግላል፣ ታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት መሸከም ያቅተውና ውሃው ታች ይጠራቀማል። የታንኩ ብረት ደግሞ ውስጡ አልተቀባም።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። በባጃጅ ጭኜ ብየዳ ቤት ወሰድኩት። አየር የሚይዝ ታንክ መሆኑን ለበያጁ ነግሬዋለሁ። «ኧረ ምን ችግር አለው ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። ውስጡን አላየም፣ የብረቱን ውፍረት አልጠየቀም፣ ውሃ ሞልቶ አልሞከረም። ቀዳዳዋን ደፈነ፣ 300 ብር ከፈልኩ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ከእሱ ይበልጥ ግን ራሴ ነኝ የምናደደው፤ ያንን የዛገ ውሃ በዓይኔ አይቼ ነበር።

ቤት ገብቼ አስነሳሁት። የሰባት ዓመት ልጄ አጠገቤ ቆማ የጌጁን ቁጥር ትቆጥራለች። «አምስት! አባዬ አምስት ደረሰ!» እናቷ ጠራቻትና ገባች። ጌጁ 6ን እንዳለፈ «ጧ!» አለ። ከብየዳው አጠገብ አውራ ጣት የሚያስገባ ቦታ ተቀዷል። ነጩ ግድግዳ እስከ ወገቤ ድረስ ቡናማ ሆኗል። ልጄ የነበረችው እዚያ ግድግዳ ጋ ነው። ጆሮዬ እስከ ማታ ጮኸ፣ እጄም ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

በማግስቱ ታንኩን በግራይንደር ለሁለት አስከፈልኩት። የላይኛው ግማሽ አዲስ ይመስላል። የታችኛው ምስጥ እንደበላው እንጨት ተቦርቡሯል። ሚስማር አስደግፌ በመዶሻ ነካ ባደርገው ለቀቀው። ቀዳዳዋ አንድ ብትሆንም ብረቱ ያለቀው ሆዱን በሙሉ ነው። የብየዳው እሳት ደግሞ የሳሳውን ይበልጥ ጎዳው። ባለ 50 ሊትር ታንክ 8 ባር ሲደርስ ከ400 ሊትር በላይ አየር ነው ታፍኖ የሚቀመጠው። ስለዚህ የበሰበሰ የአየር ታንክ አይበየድም። ማንም «እችላለሁ» ቢላችሁ ትታችሁት ሂዱ።

አሁን ያለኝ ባለ 24 ሊትር ነው። አያያዜ ከመመሪያው ወረቀት ይለያል። ወረቀቱ ተጠቅመህ ስትጨርስ ውሃውን አፍስስ ይላል። እኔ አፍስሼ ብሎኗን አልዘጋም፤ እንደገና እስካስነሳው ክፍት ሆና ነው የምትከርመው። የቀረው እርጥበት መውጫ ያገኛል። ዘይቱንም ወረቀቱ በሥራ ሰዓት ቆጥረህ ቀይር ይላል። የእኔ ዓይነቱ ያንን ሰዓት በአሥር ዓመትም አይሞላም፤ ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ እቀይራለሁ። በማሳያው መስታወት ዘይቱ ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ መስከረምን አልጠብቅም። የምሞላውም የኮምፕሬሰር ዘይት ነው፣ የመኪና አይደለም።

በወር አንድ ቅዳሜ 20 ደቂቃ አስነሳዋለሁ፣ በደንብ እንዲሞቅ። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ አየር የሚያስወጣውን የሴፍቲ ቫልቭ ቀለበትም ያኔ ሳብ አደርጋለሁ። ላስቲክ አላለብሰውም፣ አሮጌ ነጠላ ይበቃዋል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ፈጽሞ አልሰካውም፤ መብራት ሲዳከም ሞተሩ ይቃጠላል። ራቅ ካለ የአየር ቱቦውን ነው የማስረዝመው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አየሩን አስወጥታችሁ ከሆዱ ስር ያለችውን ብሎን አስፈቱ። ነጭ ጨርቅ ያዙላት። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ሻጩ «እሷን አትንካት» ካለ፣ ማሽኑን አትግዙት። የተከፈለው ታንክ ግማሹ ግቢዬ ውስጥ አለ። ጎረቤት ስለ ኮምፕሬሰር ሊጠይቀኝ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የማሳየው።