«ማስት ቢ» ያልኩበት ደብዳቤ

ጅማ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ በየሳምንቱ ወረቀት የሚነክስ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የነጋዴ ደብዳቤ፣ ያልመጣብኝ የለም። በእንግሊዝኛዬ እኮራ ነበር። ዘጠኙን ሞዳል ቨርቦች፣ ማለትም ችሎታን፣ ግዴታንና ግምትን የሚገልጹትን ረዳት ግሶች፣ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ማስት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ ብዬ በአንድ ትንፋሽ እደረድራቸዋለሁ። መደርደርና ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ይህን የተማርኩት ደግሞ በሰው ገንዘብ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ከሞዳል ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ምንም ሳይለጠፍበት፣ ባዶውን ነው። ፓሲቭ፣ ማለትም አድራጊውን ሳይሆን ተደራጊውን የሚያስቀድም አነጋገር፣ ከፈለጋችሁ ቢ ታስገቡና ፓስት ፓርቲሲፕሉን፣ እንደ ዋሽድ ያለውን የግሱን ቅርጽ፣ ታስከትላላችሁ። ማስት ቢ ዋሽድ፣ መታጠብ አለበት። ካን ቢ ሶልድ፣ ሊሸጥ ይችላል። በቃ። ጣጣው የሚጀምረው ነገሩ ያለፈ ሲሆንና መሃል ላይ «በደንብ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ምናልባት» የሚል ቃል፣ ማለትም አድቨርብ፣ ሲገባ ነው።

አንድ የቡና ነጋዴ ደንበኛ አሉኝ። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። አንድ ቀን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ውጭ ያለው ገዢ ከጆንያዎቹ የተወሰኑት ረጥበው ደርሰዋል፣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ ብሎ ጽፎላቸዋል። ወንበር ሳቡና መልሱን በቃላቸው አስጻፉኝ።

«እንዲህ በለው ልጄ። ቡናው ከዚህ ሲወጣ በደንብ ደርቆ መሆን አለበት፣ ባይደርቅ ምርመራውን መች ያልፍ ነበር? መንገድ ላይ ዝናብ ሳይመታው አልቀረም። ጆንያዎቹ ወደብ ላይ መታየት ነበረባቸው።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም እንዲህ አልኩ፦ ማስት ሀቭ ቢን ፕሮፐርሊ ድራይድ። ማስት ሀቭ ቢን ሶክድ ባይ ሬይን። ሹድ ሀቭ ቢን ቼክድ። ልክ ነበርኩ! ይህን አስምሩልኝ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ ልክ ነበር።

ሐጂ ደብዳቤውን ከሌሎች ሰነዶች ጋር ለማያያዝ አንድ መሥሪያ ቤት መሄድ ነበረባቸው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። «አንተም ና፣ የሚጠይቁት ነገር ይኖር ይሆናል» አሉኝና አብሬያቸው ሄድኩ። ሰውዬው «ስብሰባ ላይ ነው» ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ቆምን። መጣ። ደብዳቤውን አነበበ። ማንም ሳይጠይቀው ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ፣ ከማስት ቀጥሎ ሀቭ ምን ይሠራል? ከሞዳል ቀጥሎ ቢ ነው የሚመጣው። የትምህርት ቤት ሰዋስው እኮ ነው።» ሦስቱንም ሀቭ ቢን ሰረዘና በላዩ ላይ ቢ ጻፈ። ፕሮፐርሊንም በቀስት ጎትቶ ወደ መጨረሻ ወሰዳት። «አድቨርብ መጨረሻ ላይ ነው» አለ። ከዚያ ለሐጂ ፈገግ ብሎ፣ «እነዚህ ልጆች ኮምፒውተር እንጂ ቋንቋ አያውቁም» አላቸው።

ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልክ በሉኝ። አንደኛ፣ ማኅተሙ እሱ እጅ ላይ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፦ ልክ እንደሆንኩ ጆሮዬ እንጂ ጭንቅላቴ አያውቅም ነበር። ምክንያቱን ተናገር ብባል መልስ አልነበረኝም። ደንብ ጠቅሶ ለሚመጣ ሰው «ሲሰማ ጥሩ ነው» ተብሎ አይመለስም። ቤቴ ተመልሼ አስተካክዬ አተምኩ፣ ማለቴ አበላሽቼ አተምኩ። ተላከ።

አሁን ያ ደብዳቤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። «ቡናው በደንብ መድረቅ አለበት። በዝናብ መራስ አለበት። ጆንያዎቹ ወደብ ላይ መታየት አለባቸው።» የገዢው መልስ ሁለት መስመር ነበር። በደንብ መድረቅ እንዳለበት እኛም እንስማማለን፣ ለምን በዝናብ መራስ እንዳለበት ግን አልገባንም። ከሥሩ ከክፍያው ላይ የተቀነሰውን አስልቶ አስቀምጦታል። የሐጂ መከላከያ የጥፋት ቃል ሆኖ ተነቦባቸዋል። መልሱን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ቀና ብለው አላዩኝም። ሻያቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ወጡ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተቀምጬ ነገሩን ፈታሁት። የሰውዬው ደንብ እውነት ነው፤ ከሞዳል ቀጥሎ ባዶ ግስ ይመጣል። ግን ሀቭ ራሱ ባዶው ግስ ነው! ማስት ሀዝ ቢን ወይም ማስት ሀድ ቢን ብዬ ብሆን ኖሮ ቀዩ እስክሪብቶ ይገባኝ ነበር። እንደ ማስትና ሹድ ያለ ሞዳል በራሱ ያለፈ ነገርን አይሸከምም። ያለፈውን የሚሸከምለት ሀቭ ነው፣ ፓሲቭነቱን ደግሞ ቢን። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር እዚያ ቢሮ ውስጥ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ግን እኛን የሚያሳስተን እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም፣ አማርኛችንም ነው። «አለበት» ሁለት ሥራ አለው። «መድረቅ አለበት» ስንል ትእዛዝ ነው፣ «ደርቆ መሆን አለበት» ስንል ግምት ነው። አንድ ቃል ናቸውና ሁለቱንም ማስት ቢ ማድረግ ያምረናል። ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ምክር ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ በፊት አማርኛውን ጠይቁት የሚል ነው። ይህ «አለበት» እያዘዘ ነው ወይስ እየገመተ? እያዘዘ ከሆነ ማስት ቢ። ስላለፈ ነገር እየገመተ ከሆነ ማስት ሀቭ ቢን። ሳይደረግ ለቀረ ነገር የተባለ «ነበረበት» ከሆነ ሹድ ሀቭ ቢን፤ እሱ ግን ወቀሳ መሆኑን እወቁ። «ወደብ ላይ መታየት ነበረባቸው» ሲባል አልታዩም፣ ጥፋቱም የእናንተ ነው ማለት ነው።

«ሳይመታው አልቀረም»ን ደግሞ ቃል በቃል አትንኩት። ሁለት አሉታ ያለበት ቢመስልም ነገሩ አዎንታ ነው፣ ማስት ሀቭ ቢን ይበቃዋል። ፕሮባብሊን አትጨምሩበት። ማስት እርግጠኛ ነኝ ይላል፣ ፕሮባብሊ እርግጠኛ አይደለሁም ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር አንድ በሬ ወደፊት አንዱን ወደኋላ መጥመድ ነው። «እዚህ ረጥቦ ሊሆን አይችልም» ለማለት ደግሞ ማስት ኖት አይሆንም፣ ካንት ሀቭ ቢን ነው። እዚህ ላይ እንኳ አማርኛችን ይረዳናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐጂ ተመልሰው መጡ። ሁለተኛ ደብዳቤ እንጻፍ አልኳቸው፣ ያለ ክፍያ። አንድ ችግር ግን ነበር። መኪናውን የነዳው የእህታቸው ልጅ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ገና ጅቡቲ አለ። ልጁ ሸራውን የሆነ ቦታ አላልቶት ይሆናል። ሐጂ ግን የእህቴን ልጅ ስም ወረቀት ላይ አላወጣም አሉ። «ጭነቱ በደንብ ሳይሸፈን ቀርቶ ይሆናል በልና ተወው» አሉኝ።

ፓሲቭን የወደድኩት ያን ቀን ነው። ሜይ ኖት ሀቭ ቢን ፕሮፐርሊ ኮቨርድ። ማን እንዳልሸፈነ አይልም፣ አይዋሽምም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪዎች «ፓሲቭ አትጠቀሙ» ተብለው ሲመጡ ያስቁኛል፣ እኔ ግን አልስማማም። ማን እንዳደረገው በማታውቁበትም፣ መናገር በማትፈልጉበትም ጊዜ ሌላ ምን ትጽፋላችሁ?

ያቺን ዓረፍተ ነገር አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ በባጃጅ ነው የማስረዳው። ሾፌሩ ሞዳሉ ነው፣ ሁልጊዜ ከፊት። ኋላ ሀቭ፣ ቢን እና ፓርቲሲፕሉ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም። ኖት ትርፍ ተሳፋሪ ነው፣ ሾፌሩ ጎን ይለጠፋል። አድቨርቦች ሁለት ዓይነት ናቸው። ኦልዌይስ፣ ኔቨር፣ ፕሮባብሊ ሾፌሩ ጎን መቀመጥ ይወዳሉ፦ ሹድ ኦልዌይስ ቢ ኮቨርድ። ፕሮፐርሊ፣ ኬርፉሊ፣ ባድሊ የመሳሰሉት ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚናገሩት ደግሞ ከፓርቲሲፕሉ ጋር መተቃቀፍ ይወዳሉ፦ ሹድ ኦልዌይስ ቢ ፕሮፐርሊ ኮቨርድ። «አድቨርብ መጨረሻ ላይ ነው» የሚለው በአጭር ዓረፍተ ነገር ያስኬዳል። ማስት ቢ ዋሽድ ኬርፉሊ ብትሉ የሚከሳችሁ የለም። ግን ከኋላው «ጅማ፣ ከመጫኑ በፊት» የሚል ጅራት ካለ ኬርፉሊ የየትኛው እንደሆነች ይጠፋል።

ኦንሊ ለብቻዋ ናት። እሷን ከምትወስነው ቃል አጠገብ አስቀምጧት። ጆንያው በተቆጣጣሪ ብቻ ይከፈት ለማለት ሜይ ቢ ኦፕንድ ኦንሊ ባይ ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ማንም አይከራከራችሁም።

አንድ ሌላ ወጥመድ ሳልነግራችሁ አልለፍ፦ «የለበትም»። «መከፈት የለበትም» እንደ አነጋገሩ ክልክል ነውም፣ ግዴታ አይደለምም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ክልክሉ ማስት ኖት ቢ ኦፕንድ ነው፣ ግዴታ ያልሆነው ኒድ ኖት ቢ ኦፕንድ። ደንበኛው ካልነገራችሁ ጠይቁት። አፍራችሁ አትገምቱ።

የተቀነሰው ገንዘብ አልተመለሰም። ሁለተኛው ደብዳቤ ቆንጆ ነበር፣ ግን ዘግይቷል። ባለ ቀይ እስክሪብቶውን አንዳንዴ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አየዋለሁ፤ ሰላም ይለኛል። ደብዳቤው ምን እንዳስከተለ አያውቅም። ነግሬውም አላውቅም፣ እንደገና ዝም ማለቴ ነው።

ሐጂ አሁንም ይመጣሉ። ግን የጻፍኩትን ሁሉ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ መልሼ እንዳነብላቸው ያደርጉኛል፣ ሌላ ደንበኛ ቢጠብቅም ግድ የላቸውም። ባለፈው ሐሙስ ከገበያ መልስ ጎራ አሉና አንድ ደብዳቤ እያነበብኩላቸው ሳለ በትራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

«ቁም። ይሄ አለበት የትኛው ነው?»

«የሚያዘው ነው፣ ሐጂ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ደግሜ አየሁት።