ባዶ የሚመስሉ ረድፎች

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላው አንድ የኤክሴል ማክሮ (ሥራን በራሱ እንዲሠራ የሚጻፍ ትንሽ ኮድ) ነው። ሥራው ቀላል ነበር፤ ዳታ ያለባቸውን ረድፎች ፈልጎ ወደ ሌላ ሺት መገልበጥ። ዳታው 412 ረድፍ ነው፣ ማክሮዬ ግን 5,000 ነው ብሎ ድርቅ አለ። በዓይኔ እያየሁት እኮ ነው፣ ከ412 በታች ምንም የለም!

መጀመሪያ ዩዝድሬንጅን (ኮዱ ውስጥ የሺቱን ጥቅም ላይ የዋለ ክፍል የሚነግረውን) ጠረጠርኩ። እሱ ድሮም አይታመንም፤ ቀለም ብቻ የተቀባውን ሴል ሁሉ ይቆጥራል። ስለዚህ ኮዱን ቀየርኩና ከሺቱ መጨረሻ፣ ከ1,048,576ኛው ረድፍ ተነስቶ ወደ ላይ እንዲወጣ አደረግኩት (ከላይ ወደ ታች ከሄደ መሀል ላይ ያለች አንዲት ባዶ ሴል ታስቆመዋለች፣ በሷ ድሮ ተሸውጃለሁ)። አሁንም 5,000!

ለካ ዓምዱ ላይ እስከ ታች የተጎተተ ፎርሙላ አለ። ውጤቱ ባዶ ስለሆነ ለዓይን አይታይም፣ ለኤክሴል ግን ፎርሙላ ያለበት ሴል ባዶ አይደለም። የጎተተው ማን መሰላችሁ? እኔው ራሴ፣ ባለፈው ሳምንት።

በመጨረሻ ፋይንድን (የኤክሴልን መፈለጊያ) ኮከብ ምልክት (*፣ «ማንኛውም ነገር» ማለት ነው) ሰጥቼ፣ ፎርሙላውን ትቶ ውጤቱን ብቻ እያየ ከታች ወደ ላይ እንዲፈልግ አዘዝኩት። 412 አለኝ።