የዘንዶውን ጅራት በስኪ ለመውረድ ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ምክንያት

በኮሎራዶ በሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከኤመራልድ ሐይቅ በላይ ባለው የፍላትቶፕ ተራራ ገጽ ላይ፣ «ድራገንስ ቴይል» ማለትም የዘንዶው ጅራት የሚባል ኩሎዋር አለ። ኩሎዋር ግራና ቀኙን አለት ያጠረው፣ በብርዱ ወራት በረዶ የሚሞላው ጠባብ ቁልቁለት ነው። ይኸኛው ከሐይቁ ተነስቶ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ላይኛው ክፍሉ ወደ 45 ዲግሪ ስለሚያዘነብል ትንሽ ጎንበስ ያለ ሰው እጁን ቢዘረጋ ከፊቱ ያለውን በረዶ ይነካል።

አምና ከአውሮራ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተነስተን፣ ከቤር ሌክ መኪና ማቆሚያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በባትሪ ብርሃን ተጉዘን፣ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ደረስን። (የእግር ጉዞው መነሻ ከተወለድኩባት ከደብረ ብርሃን ከፍታ ብዙም ስለማይርቅ አልደክምም ብዬ ነበር፤ ደከመኝ።) የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን የዕለቱን ትንበያ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ሰማዩ ደመና ለብሶ ማደሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በጸደይ ቀን የቀለጠው በረዶ ሌሊት ተመልሶ የሚጠጥረው በዋናነት ሙቀቱን ወደ ጠራ ሰማይ ሲለቅ ነው፤ ደመና ሲኖር ግን ጋቢ እንደ ለበሰ ሰው ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ክራምፖን (በረዶ የሚነክሱ የብረት ጥርሶች) ጫማችን ላይ አስረን መቶ ሜትር እንኳ ሳንወጣ እግሬ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ፤ ከላይም ብርቱካን የሚያካክሉ የበረዶ እንክብሎች መንከባለል ጀመሩ፤ ይህ የላላው በረዶ ሊናድ እንደሚችል ምልክት ነው። ጓደኛዬ «በቃ፣ እንመለስ» አለኝ። ተመለስን፤ እውነቱን ለመናገር ከፓርኩ አጠገብ ካለችው ከተማ እስከ ኢስቲስ ፓርክ ድረስ አኩርፌው አላናገርኩትም።

ዘንድሮም የጠበቅነው የሚያዝያን መጨረሻ ነው። የኮሎራዶ የበረዶ ክምር ስስ በመሆኑ፣ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ሥሩ እንደ ስኳር የሚበተን ቅንጣት ይሆንና በላዩ የተጋገረውን መሸከም ያቅተዋል፤ እንዲህ ያለ ቦታ በዚያ ወቅት አልገባም። በጸደይ ይህ ሥጋት አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ቢከን (ናዳ የቀበረውን ሰው ለማግኘት የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ)፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ከእኛ አልተለዩም።

በፍላትቶፕ የእግር መንገድ ዞሮ ከላይ መግባት ይቀላል፤ እኛ ግን የምንወርድበትን ራሱን ወጣነው። በእያንዳንዱ እርምጃ በረዶው የት እንደጠጠረ፣ ድንጋዩ የት እንደወጣ እግሬ አወቀው። አለቶቹ በሚቀራረቡበት ጉሮሮ ላይ ስኪዬን አጋድሜ ስፋቱን ለካሁ፤ 178 ሳንቲ ሜትር የሆነው ስኪ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ስንዝር ብቻ አስተረፈ። እዚያ መታጠፍ እንደማይሞከር የወሰንኩት በዚያች ቅጽበት ነው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ገና 1 ሰዓት ተኩል ነበር። የአምናው ስላስፈራኝ ዘንድሮ ደግሞ ቸኩያለሁ። ጓደኛዬ ሻይ ሲቀዳ እኔ ወረድኩ፤ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስሞክር የስኪው ጠርዝ ምጣድ በቢላ ሲፋቅ የሚሰማውን ድምፅ አሰማ እንጂ አልነከሰም። አንድ ሜትር ያህል ተንሸራትቼ፣ በበረዶ መጥረቢያዬ ተንጠልጥዬ ቆምኩ። በእንዲህ ያለ ጠጣር ቁልቁለት የወደቀ ሰው ከሐይቁ በፊት የሚያቆመው ነገር ብዙም የለም። ስኪዬን አውልቄ ተመልሼ ወጣሁ። ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር ሻዩን አቀበለኝ፤ ነፋሱ እየገረፈን ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን።

ወደ 3 ሰዓት ገደማ የበረዶው ገጽ ሁለት ጣት ያህል ለሰለሰ፤ ከሥሩ ግን እንደጠጠረ ነው። አንድ በአንድ ወረድን። እኔ ሁለቱንም ስኪዎች በአንድ ጊዜ አንስቼ፣ ዘልዬ እየታጠፍኩ፣ በየሦስት መታጠፊያው ወደ አለቱ ጥግ ተጠግቼ የፈነቀልኩት ልል በረዶ ቀድሞኝ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ጉሮሮውን በጎን እየተንሸራተትኩ፣ ድንጋዩን በእጄ እየዳበስኩ አለፍኩት፤ የሚያምር አልነበረም፣ ፎቶም አልተነሳሁበትም። ከዚያ በታች ሰፊው ክፍል የጨዋታ ያህል ነበር።

ሐይቁ ዳር ጫማችንን ስናላላ ያለፍንበት ጉሮሮ ውስጥ ብርቱካን የሚያካክሉት እንክብሎች መንከባለል ሲጀምሩ አየን። ጓደኛዬ ሰዓቱን አየ፤ 4 ሰዓት ከሩብ ነበር።