ሬቲንጉ ለምን ወረደ?

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ኩርፊያ ላይ ነው። ሊቼስ በተባለው የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ ላይ ያለው ሬቲንጉ፣ ማለትም የጨዋታ ብቃቱን የሚያሳየው ቁጥር፣ ወርዷል። ግራፉን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ እየጎተተ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ ጎበዝ ነበርኩ" አለኝ። አንጀቴን በላው። አጨዋወቱን አውቀዋለሁ፤ ከአምናው በብዙ ይሻላል።

ማታ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ቁጥር ሳስብ አመሸሁ።

በስፋት የሚታወቀውን የሬቲንግ ስሌት ያወጡት አርፓድ ኤሎ የተባሉ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ናቸው። ተወልደው ሃንጋሪ፣ ኖረው ያስተማሩት አሜሪካ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። ሬቲንግ አንተን ለብቻህ አይለካህም። የሚለካህ ከምትገጥማቸው ሰዎች ጋር አስተያይቶ ነው። ከአንተ በ200 ነጥብ የሚያንስን ሰው ስትገጥም ስሌቱ ከአራት ጨዋታ ሦስት ያህሉን ካንተ ይጠብቃል። ስለዚህ በፊዴ ስሌት አንድ ተራ አዋቂ ተጫዋች እንዲህ ያለውን ሰው ቢያሸንፍ 5 ነጥብ ገደማ ያገኛል፤ ቢሸነፍ 15 ገደማ ያጣል። የሦስት ድል ልፋት በአንድ ሽንፈት ሄደ ማለት ነው።

ደግሞ ልጆች አሉ። ልጆች ከሬቲንጋቸው ቀድመው ያድጋሉ። ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ልጅ ወረቀት ላይ 1400 ነው፤ ሲጫወት ግን 1600 ነው። ፊዴም ይህን ስለሚያውቅ ከ2300 በታች የሆኑ ታዳጊዎች ነጥብ ከአዋቂው በእጥፍ እንዲንቀሳቀስ አድርጓል። እንደዚያም ሆኖ አልበቃም። በማርች 2024 ከ2000 በታች ላሉ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ነጥብ ተጨመረላቸው። 1500 የነበረው አንድ ጠጠር ሳያንቀሳቅስ 1700 ሆኖ አደረ። ቁጥሩ ለካ ራሱም መታረም የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ብቻ ነበር የሚጫወቱት። ፒያሳ አካባቢ ቦርድ ዘርግተው ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁሉም እየተሻሻሉ ነበርና። ግን ሁሉም እኩል ሲያድጉ ማን ከማን ነጥብ ይወስዳል? ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደግሞ ሊቼስ የሚጠቀምበት ግሊኮ-2 የተባለው ስሌት ለረጅም ጊዜ የጠፋን ተጫዋች የድሮ ቁጥር እንደ በፊቱ አያምነውም። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ነጥቡን ወዲያ ወዲህ ያላጉታል።

የእኛ ልጅ የሰሞኑ ውድቀት ግን ሌላም ምክንያት አለው። ከጎኑ ሆኜ አይቻለሁ። ንጉሥና አንድ ወታደር ቀርተውታል፤ ባላጋራው ንጉሥ ብቻ። የሚያሸንፈው ጨዋታ ነበር። ንጉሡን አስቀድሞ ወታደሩን ማስከተል ሲገባው ቸኩሎ ወታደሩን ገፋው። አቻ ወጡ። ባላጋራው በሬቲንግ ስለሚያንሰው አቻ ወጥቶም ነጥብ ተቀነሰበት። እልህ ያዘው። እኩለ ሌሊት አልፎም "አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ" እያለ ሲጫወት ቆየ፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እየተከደነ። በዚህ ሁኔታ ማንም ይወርዳል።

የኖርዌዩን የቼዝ ጀግና ማግነስ ካርልሰንን አነሳሁለት። ሬቲንጉ 2882 የደረሰው በሜይ 2014 ነው። በኦገስት 2019 አንዴ ተመልሶ ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲህ ያን ቁጥር ደግሞ አላየውም፤ የዓለም አንደኝነቱን ግን አልለቀቀም።

"እሱማ ካርልሰን ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ለሞላው ልጅ የካርልሰን ታሪክ ሩቅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እንደሱ ያሉ ልጆች እያደጉ ሳለ ግራፍ አይተው ቼዝ እንዳይተዉ ነው። አንዱ ጓደኛው አቁሟል አሉ፤ በጣም ነው የከፋኝ፤ ፈረስ አጠቃቀሙ ልዩ ነበር።

ነገ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁለት ንጉሥና አንድ ወታደር ብቻ ደርድረን እንጫወታለን። እሱ ነጭ፣ እኔ ጥቁር። ጓደኛውንም ይዘኸው ና ብዬዋለሁ።