«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ካልን በኋላ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለስኮላርሺፕ ያዘጋጀችውን የእንግሊዝኛ ማመልከቻ እንዳይላት ሰጠችኝ። ደብዳቤው በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር፤ ከፊርማዋ በላይ ባለው መስመር ላይ ግን ምላሽዎን እጠብቃለሁ ለማለት የተጻፈ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ትክክለኛው «ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ነው።

«ጋሼ፣ ከ‹ቱ› በኋላ ግሱ ምንም ሳይጨመርበት ይመጣል ተብለን አይደል የተማርነው?» አለችኝ።

የተማረችው ለ«ዋንት ቱ» እና ለ«ሆፕ ቱ» ይሠራል። እዚህ ያለው «ቱ» ግን እንደ አማርኛው «ወደ» ያለ መስተዋድድ ስለሆነ ከኋላው ስም ወይም እንደ ስም የሚያገለግል «ኢንግ» የተጨመረበት ግስ ይፈልጋል። እኔ እንደማምነው ስህተቱ የሚመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከአማርኛችን ነው፤ «መስማት» የሚለው ቃላችን «ለመስማት» ሲባልም «መስማትን» ሲባልም ያው አንድ ቃል በመሆኑ፣ እንግሊዝኛው «ቱ ሂር» እና «ሂሪንግ» ብሎ ለሁለት የከፈለውን ሥራ እኛ ሳንለይ እንጠቀምበታለን።

ስለዚህ በግሱ ቦታ ስም አስገብታ እንድትሞክረው ነገርኳት። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» ያስኬዳል፤ «አይ ሆፕ ቱ ዩር ሪፕላይ» ግን አያስኬድም። ስሙ ከተስማማ ግሱ «ኢንግ» ይጨመርበታል። በፕሮጀክት ሰነዶች ላይ የሚዘወተረው «ዊዝ ኤ ቪው ቱ ኢምፕሩቪንግ» (ለማሻሻል በማሰብ)ም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ልዩነቱ ትርጉምም ይለውጣል፤ «ሂ ዩዝድ ቱ ወርክ» ቀድሞ ይሠራ እንደነበር ሲናገር፣ «ሂ ኢዝ ዩዝድ ቱ ወርኪንግ» መሥራት እንደለመደ ይናገራል።

«አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ» ማለትም ስህተት ባይሆንም ለቅርብ ሰው የሚስማማ አነጋገር ነው፤ ለማናውቀው መሥሪያ ቤት «አይ ሉክ ፎርዋርድ» ይሻላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «በጉጉት እጠብቃለሁ» የሚሉ አሉ፤ ይህ ለቤተሰብ ደብዳቤ ያምራል፣ ለማመልከቻ ግን «ምላሽዎን በአክብሮት እጠባበቃለሁ» የሚለውን እመርጣለሁ።

መስመሩን አስተካክላ ደብዳቤውን እንደገና ከላይ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣ እኔ ሳላስተውል ያለፍኩትን «ኮሚትድ ቱ ሰርቭ» (ለማገልገል የቆረጥኩ) በእስክሪብቶ ሰርዛ «ኮሚትድ ቱ ሰርቪንግ» ብላ ጻፈችበት።