መርዶ ነጋሪው ስልክ

ጣና ዳር ቡና የምታፈላ አንዲት የማውቃት ሴት፣ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እንዳነሳች በእጇ ይዛው ደርቃ ቆመች። ልጇ ባሳያት ስልክ ላይ የወንድሟ ፎቶ ከበራ ሻማ ጋር ተለጥፎ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚሉ የማታውቃቸው ሰዎች አስተያየቶች ተደርድረዋል።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሞቱ የደረሰው ሩቅ አገር ከሆነ ወሬው ይያዛል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማም ዘመድ፣ ጎረቤትና የንስሐ አባት ተቀጣጥረው ንጋት ላይ በሩን ያንኳኳሉ። ነጠላ ዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶችን በደጁ ያየ ሰው ቃል ሳይወጣ ነገሩ ይገባዋል፤ ሲወድቅም የሚደግፈው ክንድ አያጣም። ልማዱን በሙሉ አላሞግሰውም፤ ፈተና ላይ ነው ብለው የአያቴን ሞት ሦስት ሳምንት ስለደበቁኝ ቀብሯ ላይ አለመገኘቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ቢሆንም መርዶ ስሜትን አያፍንም፤ የሚያርፍበትን ቦታና ሰዓት ያዘጋጅለታል እንጂ።

ማኅበራዊ ሚዲያ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለስሜት መግለጫ ምልክቶች፣ ቁጣን ጨምሮ፣ ከ«ላይክ» አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጥ እንደነበር በ2021 ከወጡ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ታውቋል፤ የቁጣው ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። ብዙ ያስቆጣ ጽሑፍ ብዙ ሰው ዘንድ ይደርስ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናትም በትዊተር ላይ ሐሰተኛ ወሬ ከእውነተኛው ፈጥኖና ሰፍቶ እንደሚዛመት፣ የሚቀሰቅሰውም ምላሽ በአብዛኛው ፍርሃት፣ መጸየፍና መደነቅ እንደሆነ አሳይቷል።

ስሜት በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። እምቦጭ የወረረው የጣና ምስል ያንገበገባቸው ወጣቶች በ2010 ዓ.ም. «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው ከኦሮሚያ ድረስ መጥተው አረሙን በእጃቸው ነቅለዋል፤ ቁጥር ብቻ የሞላበት ሪፖርት ያን ያህል ሰው ከቤቱ ያስወጣ ነበር ብዬ አላምንም። ልዩነቱ እነዚያ ወጣቶች ስሜታቸውን ይዘው የሚሄዱበት ቦታ፣ አብሯቸው የሚሆን ሰውና የሚሠሩት ሥራ ስለነበራቸው ነው። ቡና አፍዪዋ በዚያች ሰዓት የነበራት የጋለ ጀበና ብቻ ነበር፤ እሱንም ከእጇ የወሰድንላት እኛ ደንበኞቿ ነን።

ለካስ ጎረቤቶቿ ከሁለት ቀን በፊት ሰምተው ኖሯል። በማግሥቱ ንጋት ሊያረዷት ተቀጣጥረው፣ ለንፍሮ የሚሆነውን ስንዴና ባቄላ ሳይቀር ዘፍዝፈውት ነበር።