በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙዚቃ መቅረጽ
ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ቤቴ ለመቅረጫ ላሰናዳኋት ጠባብ ክፍል አስቀድሜ የገዛሁት ሳውንድ ካርድ ነው፤ የማይክሮፎኑን ደካማ ሞገድ አጉልቶ ወደ ዲጂታል የሚለውጠውም፣ ለኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚያስፈልገውን 48 ቮልት የሚሰጠውም እርሱ ነውና። ኮንደንሰር የክራሩን ክር ከነጣት ጭረቱ ይለቅማል፤ ይሁን እንጂ የጎረቤትን ዶሮም፣ የግንባታ ብረት ቆራጩንም አይምርም። ስለዚህ እንደ እኛ ባለ ሰፈር፣ ይልቁንም የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ለድምፃዊ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውን ሹር ኤስኤም58ን የመሰለ ዳይናሚክ ማይክሮፎን እመርጣለሁ፤ ይህ ዓይነቱ የቅርቡን ድምፅ እንጂ የሩቁን ብዙም አይለቅምምና። ድምፃዊው ጆሮው ላይ የሚያደርገው ማዳመጫ ድምፅ የማያሾልክ ዝግ ዓይነት ካልሆነ፣ የሚያዳምጠው ምት ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወፍራም ብርድ ልብስ ማስተጋባትን ይቀንሳል እንጂ የውጭ ድምፅ አያግድም። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ደግሞ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ትንንሽ ሳውንድ ካርዶች ኃይላቸውን በዩኤስቢ ከእርሱ ይወስዳሉና።